ቶሎ የሚያጠራው ክሬም

«ያቺን የፊት ክሬም ስጡኝ፤ ቶሎ የምታጠራውን።» በመድኃኒት ቤት መስኮት ላይ እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብርቅ አይደለም። ጠያቂዋ ማዘዣ አልያዘችም። የያዘችው አንዳንዴ እስከ አንገቱ የተጠቀለለ የጎረቤት ቱቦ ነው፤ አንዳንዴ በስልኳ ያነሳችው የካርቶን ፎቶ ነው። ባለሙያው ፎቶውን አየት አድርጎ ከመደርደሪያው ያወርዳል፣ ሒሳብ ይከፈላል፣ ተረኛው ቀረብ ይላል። ፊቷ ላይ የወጣው ማዲያት ይሁን ብጉር፣ ጭርት ይሁን የሳሙና ቁጣ፣ የጠየቀ የለም። ክሬሙ «ለሁሉም» ስለሆነ መጠየቁ አላስፈለገም።

ለሁሉም የሆነበት ምሥጢር ካርቶኑ ላይ በደቃቅ ፊደል ሰፍሯል። እንዲህ ያለው ቅልቅል ክሬም በአብዛኛው ሦስት መድኃኒት በአንድ ቱቦ የያዘ ነው፤ ቁጣን የሚያበርድ ስቴሮይድ፣ ፈንገስ የሚገድል መድኃኒትና ባክቴሪያ የሚገድል አንቲባዮቲክ። ቤታሜታሶን፣ ክሎትሪማዞልና ጄንታማይሲን አንድ ላይ የሚገኙበት በጣም የተለመደው ነው። በየአገሩ ስሙ የገነነው ኳድሪደርም ደግሞ ከነስሙ አራት ነገር ይዞ የወጣ ክሬም ነው። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ አንዱ ካልያዘው ሌላው ይይዘዋል። ሐኪም ቆዳውን አይቶ «ይህ ፈንገስ ነው፣ ይህ ችፌ ነው» ብሎ መለየት የነበረበትን ሥራ ቱቦው በግምት ይሠራዋል።

ጣጣው የሚጀምረው ክሬሙ ስለሚሠራ ነው። ስቴሮይዱ በተቀባ በሁለት ሦስት ቀን ማሳከኩ ይጠፋል፣ እብጠቱ ይሟሽሻል፣ የቀላው ይረግባል፣ ፊት ይለሰልሳል። መስታወት ፊት የቆመ ሰው ይህን አይቶ «ተሻለኝ» ቢል አይፈረድበትም። የበረደው ግን ቁጣው ነው። ከሥር ፈንገስ ካለ አለ፤ ብጉር ካለም አለ። እዚህ ላይ ስለ ስሙ አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል፤ ይህ ስቴሮይድ ጡንቻ ለማፈርጠም በየጂሙ የሚወራለት አይደለም። ኩላሊት ላይ የተቀመጠችው አድሬናል ዕጢ የምታመነጨውን ኮርቲሶል የሚመስል፣ የሰውነትን የመቆጣት ኃይል የሚያዳክም የመድኃኒት ዘር ነው።

አጀማመሩ በረከት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 ሱልዝበርገርና ዊተን የተባሉ አሜሪካውያን የቆዳ ሐኪሞች ሃይድሮኮርቲሶን ቆዳ ላይ ሲቀባ ችፌን እንደሚያበርድ አሳዩ። እስከዚያ ድረስ የሬንጅ ውጤት በሆኑ ቅባቶች ሲለቀለቅ ለኖረ ሕመምተኛ ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ሃያ ዓመታት ኬሚስቶች ሞለኪዩሉን እየነካኩ ከመጀመሪያው የበረቱ ልጆች አወጡ፤ በ1960ዎቹ ቤታሜታሶን ቫለሬት፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ክሎቤታሶል መጣ። ክሎቤታሶል የደም ሥርን በማጥበብ አቅሙ ሲለካ ሃይድሮኮርቲሶንን በመቶዎች በሚቆጠር እጥፍ ይበልጠዋል። ለእጅ መዳፍና ለእግር ጫማ ውፍረት፣ ለግትር የቆዳ ሕመም የታሰበ ጉልበተኛ ነው። ዛሬ ግን ፊት ላይ የሚቀባው ሞልቷል።

ገዢውን የሚያታልል አንድ ቁጥርም ቱቦው ላይ አለ። ሃይድሮኮርቲሶን ላይ «1%» ተጽፎ ይታያል፤ ክሎቤታሶል ላይ «0.05%»። የሒሳብ ትምህርት የቀመሰ ሁሉ ሁለተኛው ሃያ ጊዜ የቀለለ ነው ቢል አያስገርምም። እውነቱ ተቃራኒው ነው። ፐርሰንቱ የሚናገረው ክሬሙ ውስጥ ምን ያህል መድኃኒት እንደተቀላቀለ እንጂ መድኃኒቱ ምን ያህል ኃይለኛ እንደሆነ አይደለም። ከሽሮው ይልቅ ሚጥሚጣው በትንሹ ነው የሚነሰነሰው።

ፊት ደግሞ እንደ ሌላው ገላ አይደለም። ፌልድማንና ማይባክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተሙት ሥራ እኩል መጠን ያለው ሃይድሮኮርቲሶን በተለያዩ የሰውነት ክፍሎች ላይ ቀብተው ስንቱ ወደ ውስጥ እንደሚዘልቅ ለኩ። የክንድ የውስጥ ገጽ የመጠጠውን 1 ብንለው፣ ግንባር 6 ያህል፣ የመንጋጋ አካባቢ 13 ያህል ሆኖ ተገኘ። ክንድ ላይ ምንም ያላደረገ ክሬም አገጭ ላይ ሌላ መድኃኒት ነው ማለት ይቻላል። የዓይን ቆብ ከሁሉም የሳሳ ነው፤ እዚያ አካባቢ ኃይለኛ ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ መቀባት የዓይን ግፊትን ከፍ አድርጎ ግላኮማ፣ የዓይን ሌንስን አጨልሞ ሞራ እስከማምጣት ይደርሳል።

ጉዳቱ በአንድ ሌሊት አይመጣም፤ ለዚህም ነው ከክሬሙ ጋር የሚያገናኘው የጠፋው። በመጀመሪያ ቆዳው ይሳሳል፤ በጉንጭና በአፍንጫ ጥግ ቀጫጭን የደም ሥሮች እንደ ክር ተጋድመው ይታያሉ። ከዚያ አንድ ዓይነት መልክና መጠን ያላቸው ጥቃቅን ብጉሮች ይወጣሉ፤ ሴቶች ጉንጭ ላይ ያልነበረ ጸጉር ይበቅላል። በአፍ ዙሪያ የሚወጣው ሽፍታ ደግሞ የራሱ ምልክት አለው። ሽፍታው አፍን ይከብና ከንፈሩን ተከትሎ አንዲት ጠባብ መስመር ብቻ ንጹሕ ትቀራለች። የቆዳ ሐኪም ያችን መስመር ሲያይ «ምን ትቀቢያለሽ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጠይም ቆዳ ላይ ነገሩን የሚያከብደው ሌላ ጉዳይ አለ። የሕክምና መጻሕፍት «ቀይ ይሆናል» የሚሉት መቅላት እዚህ ወደ ወይን ጠጅ ወይም ወደ ጥቁረት ስለሚያደላ፣ ባለቤቱ «ማዲያቱ ባሰብኝ» ብሎ ክሬሙን ይጨምራል።

ዋናው ወጥመድ የሚገለጠው ለማቆም ሲሞከር ነው። ለወራት በመድኃኒት ተጨብጠው የኖሩት የደም ሥሮች ክሬሙ ሲቀር በአንዴ ይፈታሉ። ፊት ያብጣል፣ እንደ በርበሬ ያቃጥላል፣ ውሃ እንኳን ሲነካው ይለበልባል። ሴትየዋ ያን ጊዜ የምታውቀው መድኃኒት አንድ ብቻ ነው፤ ያንኑ ቱቦ። መልሳ ስትቀባው በሰዓታት ውስጥ ይበርድላታል። «ይህ ክሬም ለኔ ቆዳ ነው የተሠራው፤ ስተወው ያመኛል» የሚለው ወሬ የሚወለደው እዚህ ጋ ነው። ሱስ የሚለው ቃል ለአንድ ቱቦ የበዛ ይመስላል፤ አካሄዱ ግን ከሱስ አይለይም።

ይህን በስም ጠርተው በአደባባይ ካወጡት መካከል የህንድ የቆዳ ሐኪሞች ግንባር ቀደም ናቸው። የኮልካታዎቹ ላሂሪና ኩንዱ እ.ኤ.አ. በ2008 «በስቴሮይድ የተጎዳ ፊት» የሚለውን ስያሜ አቀረቡ። በ2011 የታተመ፣ በ12 የሕክምና ማዕከላት የተካሄደ ጥናት ደግሞ ነገሩን በቁጥር አስቀመጠው። የፊት ቆዳ ችግር ይዘው ከመጡ 2,926 ሰዎች 433ቱ፣ ማለትም 14.8 በመቶው፣ ፊታቸውን ስቴሮይድ ይቀቡ ነበር። ከእነዚህ ከግማሽ የሚበልጡት የተጠቀሙት ቅልቅሉን ነው። ከግማሽ የሚበልጡት ክሬሙን ያገኙት ሐኪም ባልሆነ ሰው ምክር ነው። ገሚሱ ለብጉር፣ ገሚሱ ፊት ለማቅላት፣ አንዳንዱ ጢም ከተላጨ በኋላ ለሚቀባው ሽቶ ምትክ አድርጎ ይዞታል። ጉዳት ያልታየበት ከአሥሩ አንዱ ብቻ ነበር።

የህንድ ታሪክ እዚህ አያልቅም። ሁለት ነገር ተከተለ፤ አንዱ የሕግ፣ አንዱ የተፈጥሮ። የሕጉን ያየን እንደሆነ፣ በአገሪቱ ስቴሮይድ በማዘዣ ከሚሸጡት መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ቢኖርም የሚቀባው ግን ከዚያ ነጻ የሚወጣበት ቀዳዳ ነበር። መንግሥት ያን ቀዳዳ በመጋቢት 2018 (እ.ኤ.አ.) ደፍኖ 14 የሚቀቡ ስቴሮይዶችን ከማዘዣ ሥር አገባ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ 328 የቅልቅል መድኃኒቶችን አገደ፤ ብዙ የተሸጠ የስቴሮይድ ቅልቅል ክሬምም እዚያ ውስጥ ነበረበት። የተፈጥሮው ግን በሕግ የሚመለስ አይደለም። ፈንገስ ላይ ስቴሮይድ ሲቀባ ቁጣው ስለሚጠፋ ጭርቱ ቀለበታማ መልኩን ይለውጣል፤ ሐኪምም እንኳን ሲያየው ይስተዋል። «የተደበቀ ጭርት» የሚለውን ስም እንግሊዛውያን ሐኪሞች የሰጡት በ1968 ነው። አዲሱ ነገር ግን ሌላ ነው። በደቡብ እስያ ለተለመደው የፈንገስ መድኃኒት ለተርቢናፊን የማይበገር የጭርት ፈንገስ ተነሣ፤ በ2020 ትራይኮፋይተን ኢንዶቲኔ ተባለ። ለመዛመቱ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ እነዚህ ቅልቅል ክሬሞች ናቸው፤ ቁጣው ሲበርድ ሰው ሕክምናውን ያቋርጣል፣ ፈንገሱ ግን ገና በሕይወት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ይህንኑ ፈንገስ በኒው ዮርክ ሁለት ሴቶች ላይ መገኘቱን አሳወቀ። ከሁለቱ አንዷ በቅርቡ ወደ ውጭ አገር አልተጓዘችም።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመጣ፣ መድኃኒት ቤቶቻችን መደርደሪያ ላይ ካለው መድኃኒት ብዙው ከህንድ የሚመጣ ነው፤ ቅልቅል ክሬሙም አብሮ ይመጣል። በማዘዣ የሚሸጥን መድኃኒት ያለ ማዘዣ መስጠት እዚህም አይፈቀድም። መስኮቱ ላይ የሚሆነው ግን ሌላ ነው፤ አንቲባዮቲክ እንኳን በፍሬ በሚሸጥበት ገበያ አንዲት ቱቦ ክሬም ማን ዞር ብሎ ያያታል? ከመድኃኒት ቤቱ ውጭ ያለው ገበያ ደግሞ የባሰ ነው። በቴሌግራምና በቲክቶክ «ፊት ማጥሪያ» ተብሎ የሚሸጠው፣ በውበት ሳሎን ከሦስት ቱቦ ተጨምቆ በትንሽ ብልቃጥ የሚሰጠው፣ ከዱባይና ከጅዳ በሻንጣ የሚገባው፣ ብዙው ስሙ የማይታወቅ ነው። ስም የሌለው ብልቃጥ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ጉዳት ሲመጣ ሐኪሙ ምን እንደተቀባ የሚያውቅበት መንገድ የለም። ለነገሩ ሥሩ የመድኃኒት ብቻ አይደለም። «ቀይ ናት» የሚለው ቃል በሰርግ ቤት እንደ ምርቃት እየተነገረ፣ የጠየመችው ልጅ ክሬም ፈልጋ ብትሄድ የምትወቀሰው እሷ ብቻ ልትሆን አይገባም።

ማዲያት ግን ለብቻው መታየት አለበት፤ ቅልቅል ክሬም በትክክል የሚታዘዝበት ቦታ ስላለ። እ.ኤ.አ. በ1975 ክሊግማንና ዊሊስ 5 በመቶ ሃይድሮኪኖን፣ 0.1 በመቶ ትሬቲኖይንና 0.1 በመቶ ዴክሳሜታሶን ያቀፈ ቅመም አሳተሙ። ሃይድሮኪኖኑ ቀለም የሚሠራውን ሥራ ያቀዘቅዛል፣ ትሬቲኖይኑ የቆዳውን መታደስ ያፋጥናል፣ ስቴሮይዱ ደግሞ የሁለቱን ማቃጠል ያበርዳል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2002 የፈቀደው ትራይ ሉማ የዚህ ወራሽ ነው፤ ስቴሮይዱን በ0.01 በመቶ ፍሉኦሲኖሎን ተክቶታል። ፈቃዱም ከፀሐይ መከላከያ ጋር፣ እስከ 8 ሳምንት ለሚቆይ አጭር ሕክምና ነው። ስምንት ሳምንት ማለት ሁለት ወር እንኳን አይሞላም፤ ይህን ክሬም ሁለት ዓመት የቀባች ሴት ግን ማግኘት ቀላል ነው። የታሪክ ግጥምጥሞሽ ሆኖ በዚያው በ1975 ፊንድሌ የተባለ የደቡብ አፍሪካ ሐኪም ሃይድሮኪኖን ለረጅም ጊዜ የቀቡ ሴቶች ፊት ላይ ሰማያዊ ጥቁር ምልክት እንደሚወጣ ጻፈ። ሊያነጡት የፈለጉት ፊት በማይለቅ ጥቁረት ተሸፈነ ማለት ነው። ትሬቲኖይን ያለበትን ደግሞ ነፍሰ ጡር ሴት መቀባት የለባትም፤ ማዲያት በእርግዝና ጊዜ በብዛት እንደሚወጣ ስናስብ ይህ ትንሽ ማስጠንቀቂያ አይደለም።

ማዲያት ያለ ጥላ አይድንም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከፍታው 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳን የሚያጠቁረው ጨረር አሥር በመቶ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ማታ ክሬም ቀብቶ ቀን በፀሐይ መሄድ ማታ የጠረጉትን ቤት ቀን ከፍቶ ለአቧራ እንደመስጠት ነው። ለማዲያት ብረት ኦክሳይድ ያለበት ቀለም ያለው የፀሐይ መከላከያ ይመረጣል፤ ከጨረሩ ሌላ የሚታየውንም ብርሃን ስለሚይዝ። ሰፊ ባርኔጣና ጃንጥላም ዋጋቸው ቀላል አይደለም ቢባል፣ ቱቦ በየወሩ ከመግዛት ይረክሳሉ።

ታዲያ ስቴሮይድ ፊት ላይ አይቀባም ማለት ነው? አይደለም። የፊት ችፌ አለ፤ አፍንጫ ጥግና ቅንድብ ላይ የሚወጣ የፎረፎር ዘመድ የሆነ ቁጣ አለ። በነዚህ ላይ ሐኪም ቀላሉን፣ ማለትም ሃይድሮኮርቲሶንን፣ ለጥቂት ቀናት ያዛል፤ ከዚያ ወዲያ መቀጠል ካስፈለገ እንደ ታክሮሊመስ ወዳለ ስቴሮይድ ያልሆነ ቅባት ይሸጋገራል። ቀላሉም ቢሆን ቀልድ አይደለም። በእንግሊዝ ያለ ማዘዣ የሚሸጠው 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲሶን ላይ «ፊት ላይ አይቀቡ፣ ከ7 ቀን አይለፉ» የሚል ትእዛዝ አለ፤ ፊት ላይ መቀባት የሐኪም ፈቃድ የሚጠይቅ ነገር ነው። የዚያው አገር የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2024 እያንዳንዱ የስቴሮይድ ቱቦ የኃይሉ ደረጃ በቃል እንዲጻፍበት ወስኗል፤ መለስተኛ፣ መካከለኛ፣ ጠንካራ፣ በጣም ጠንካራ። የፐርሰንቱን ማታለል የሚያስቀር ቀላል እርምጃ ነው፤ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም ቢያስብበት የሚጠላ የለም።

መጠኑም የሚለካበት ዘዴ አለ። ከአመልካች ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው አንጓ ድረስ ከቱቦው ተጨምቆ የሚወጣው ክሬም ግማሽ ግራም ያህል ይሆናል። ለአዋቂ ሰው ፊትና አንገት አንድ ላይ የሚበቃው እንዲህ ያለ ሁለት ጣት ተኩል ነው፤ ፊት ብቻውን ደግሞ ከዚያ ያነሰ ይበቃዋል፣ የታመመው ጉንጭ ብቻ ከሆነም በጣም ያነሰ። ክሎቤታሶልን በተመለከተ የአሜሪካው የመድኃኒቱ መግለጫ በቀን 2 ግራም ብቻ እንኳን አድሬናል ዕጢን ሊያዳክም እንደሚችል ያስጠነቅቃል። ገላን በሙሉ እንደ ሎሽን በሚለቀልቅ ሰው ላይ ምን ሊደርስ እንደሚችል ከዚህ መገመት ይቻላል። እናት የተቀባችው ፊት የሕፃን ጉንጭ እንደሚነካም አይረሳ።

በብጉር፣ ባልተለየ ሽፍታና በጭርት ላይ ስቴሮይድ ያለበትን ቅልቅል በራስ ፈቃድ መቀባት ግን የሚከላከሉለት ነገር የለውም። አንቲባዮቲኩም ቢሆን ነጻ አይደለም። በብዙ ቅልቅል ክሬም የሚገኘው ኒዮማይሲን ራሱ የቆዳ አለርጂ በማስነሳት የታወቀ ነው፤ የአሜሪካ የንክኪ አለርጂ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2010 «የዓመቱ አለርጂ አስነሺ» ብሎ መርጦታል። አስቂኙ ነገር፣ አንቲባዮቲኩ ያስነሳውን አለርጂ አብሮት ያለው ስቴሮይድ ስለሚሸፍነው ባለቤቱ መቼም አይደርስበትም።

የገዛውን ቱቦ ማንበብ ለሚፈልግ አንድ የቆየ ብልሃት አለ። የስቴሮይዶች ስም መጨረሻው ብዙውን ጊዜ «ሶን» ወይም «ሎን» ነው፤ ሃይድሮኮርቲሶን፣ ቤታሜታሶን፣ ሞሜታሶን፣ ትሪያምሲኖሎን። ክሎቤታሶል በ«ሶል» ሲያበቃ፣ ፈንገስ ገዳዮቹ ክሎትሪማዞልና ኬቶኮናዞል በ«ዞል» ያበቃሉ፤ ሰ እና ዘ እዚህ ላይ ብዙ ይለያያሉ። ብልሃቱ ሁሉን አይይዝም፤ እንደ ፍሉኦሲኖናይድ ያሉት ያመልጡታል። ቢሆንም ከሦስቱ ስሞች ስቴሮይዱ የቱ እንደሆነ ለመለየት ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

ለወራት ሲቀባ የኖረ ሰው ይህን አንብቦ ዛሬ ማታ ቱቦውን ወደ ቆሻሻ ቢወረውር ከላይ የተባለው ቃጠሎ ነገ ሊጠብቀው ይችላል። የቆዳ ሐኪም እንደ ሁኔታው ኃይሉን ደረጃ በደረጃ እያወረደ፣ ወይም አንዴ አስቁሞ በሌላ መድኃኒት እየደገፈ ያሻግራል፤ መሻሻሉ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። ወደ ሐኪሙ ሲኬድ ቱቦውን ከነካርቶኑ፣ ብልቃጥም ከሆነ ብልቃጡን፣ ይዞ መሄድ ነው። የጎረቤት ከሆነም ፎቶ አንስቶ፤ ፊት ለፊት ያለውን ስም ብቻ ሳይሆን ከጀርባው ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ።